የቆርኪው ዳማ ገና አለ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደድኸው ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እናትህ፣ ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸውን? እኔ ሌሊት ሌሊት ጣት ከሚያደነዝዘው የኅዳር ውርጭ በቀር ምንም አልሆንሁም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሁለት ዓመት ተኩል ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዝም ማለቴ ከምን እንደ መጣ አንተም ታውቃለህ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የሰሌዳና የካርታ ጨዋታ መሸጫ ልከፍት ነው ብዬ ስነግርህ፣ «በዚያ ከተማ ሳጥን ሙሉ ጨዋታ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛ ሰው አገኛለሁ ብለህ ከሆነ፣ አንተ መጫወቻ እንጂ ተጫዋች አይደለህም» ብለህ ሳቅህ፤ እኔም ስልኩን ዘጋሁ። በሐምሌ መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ሲቋረጥ ለዝምታዬ ጥሩ ሰበብ አገኘሁ፤ ነገር ግን ያኮረፍሁት መስመሩ ከመቋረጡ በፊት ነውና ሰበቡን አሁን አላነሣውም። ይልቁንስ ሱቁን በመስከረም 2017 ከከፈትሁት ወዲህ ያየሁትን ልጽፍልህና ከተናገርኸው ውስጥ ግማሹ ትክክል እንደ ነበረ በፊርማዬ ላረጋግጥልህ ተነሣሁ። ሌላውን ግማሽ ግን አልተውልህም።

መጀመሪያ ትክክል የሆንህበትን ልናገር። ሳጥን የሚገዛ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስጀምር አዲስ አበባ ካሉ ዘመዶችና ከውጭ አገር ከሚመለስ የአጎቴ ልጅ ሻንጣ ያሰባሰብኋቸው 11 ሳጥኖች ነበሩኝ፤ እስከ ዛሬ የተሸጡት 3 ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱን የገዛሁት እኔው ራሴ ነኝ፣ መደርደሪያው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ስላሳዘነኝ። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም። ውጭ አገር 50 ዶላር የሚሸጥ ጨዋታ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ ዋጋ 2,900 ብር ገደማ ነበረ፤ ዛሬ ግን ማጓጓዣውና ቀረጡ ሳይታሰብ ከ7,000 ብር በላይ ሆኗል። በዚህ ገንዘብ ላይ ጥቂት ተጨምሮበት ለበዓል በግ ይገዛል፤ በግ ትቶ የካርቶን ሳጥን ይዞ ቤቱ የሚገባ አባወራ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር የሚነጋገረውን እኔ ልነግርህ አያስፈልግም። በእርግጥ የሚሸጥልኝ ተራ ካርታና ኡኖ የተባለው የካርታ ጨዋታ ነው። ኡኖን በ1971 (እ.ኤ.አ.) የፈጠረው በአሜሪካ ኦሃዮ የሚኖር አንድ ፀጉር አስተካካይ መሆኑንና በመጀመሪያም ከዚያው ከፀጉር ቤቱ ይሸጠው እንደ ነበረ ለጎረቤቴ ለፀጉር አስተካካዩ ብነግረው፣ እንደ ሙያ ወገኑ ኮርቶ ሁለት እሽግ ተራ ለሚጠብቁ ደንበኞቹ አስቀመጠ፤ ከሸጥኋቸው ኡኖዎች የሚበዙትም በእርሱ በር አልፈው የመጡ ናቸው።

የተሳሳትህበት ግን ሰው አይመጣም ያልኸው ነው። ሰው መጣ። ሱቄ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ፣ ቀድሞ ልብስ ስፌት ቤት የነበረ አንድ ክፍል ነው፤ አራት ጠረጴዛ ብቻ ይይዛል፤ በሩ ላይ ነፋሱን እንዲከለክል የመንዝ ባና ሰቅያለሁ፤ የከሰል ምድጃ ግን ጭሱ ሰው እንዳይጥልብኝ ፈርቼ አላስገባም። ስለዚህ ሁሉም ጋቢና ጃኬቱን እንደ ለበሰ ይቀመጣል፤ ካርታውን በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን እጁን በሻይ ብርጭቆ ያሞቃል። ለአንድ ሰዓት 25 ብር አስከፍላለሁ፤ አንድ ሻይ ከዚያው ላይ ነው። ጠዋት ማስተማሬን አልተውሁም፤ ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት ጀምሬ እከፍታለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ጠረጴዛ አይገኝም። የቤት ኪራዩን 7,000 ብር የሚከፍልልኝ መደርደሪያው ሳይሆን ወንበሩ ነው። ነገሩን ከሥሩ ስታየው መስመሩ በተቋረጠባቸው በእነዚያ ረጅም ወራት፣ ማታ ማታ ስልካቸውን የሚያዩበት ያጡ የሰፈር ልጆች ደጄ ላይ ተቀምጠው ካርታ ሲጫወቱ ነው ጥንስሱ የተጣለው፤ እኔ የጨመርሁት ጣሪያ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው መከራ ልምጣ። በእኛ አገር ካርታ የያዘ እጅ ሁሉ የቁማርተኛ እጅ ነው። ገበጣ የልጅነት፣ ዳማ የሥራ ፈት፣ ቼዝ የተማሪ ይባላሉ፤ ካርታ ግን ስሙ ከወጣ በኋላ የሚያነጻው የለም። ለፈቃድ የሄድሁበት መሥሪያ ቤት የሥራ መደቡን ምን እንደሚለው ግራ ገብቶት ለሁለት ሳምንት አመላለሰኝ፤ በመጨረሻ የመጫወቻ ዕቃዎች ችርቻሮ ተብዬ ተመዘገብሁ፤ ባለሙያው ግን ማኅተሙን እየመታ «ቁማር እንዳይሆን ብቻ!» ማለቱን አልተወም። አከራዬ እትዬም ከተከራየሁ በሳምንቱ መጥተው፣ ባናውን ገለጥ አድርገው ቆሙና «ልጄ፣ በዚህ ቤት የማርያም ጽዋ ተጠጥቶበታል» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ የበለጠ ቁጣ አያስፈልግም ነበር።

ስለዚህ ሕግ አወጣሁ፤ በገንዘብም፣ በዕቃም፣ «የተሸነፈ ሻይ ይጋብዝ» በሚልም መጫወት ክልክል ነው። የሻዩ ነገር እንደ ማጋነን ይመስልህ ይሆናል፤ እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ሳስብ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ሁለት ተማሪዎች በባለ 50 ብር የሞባይል ካርድ ሲወራረዱ ደረስሁባቸው። ቁጥሩ ገና ያልተፋቀ ሁለት የአየር ሰዓት ካርድ ከጠረጴዛው ጨርቅ ሥር ደብቀዋል፤ አንደኛው ሲጠየቅ «ጋሼ፣ እርስዎ የከለከሉት ገንዘብ ነው፤ ይህ ካርድ ነው፤ የካርድ ቤት አይደል?» አለኝ። ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው ባዞርም፣ ሁለቱንም ለአንድ ወር አገድኋቸው። ወሬው በከተማው ሲዳረስ ነው እትዬ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው የመጡት።

በዚሁ ምክንያት አንድ ትልቅ የገቢ በር ዘግቻለሁ፤ በዚህ ነገር የአንተን አስተያየት እፈልጋለሁ። በውጭ አገር እንደኔ ያሉ ትናንሽ ሱቆች አብዛኞቹ ጉሮሯቸው የሚረጥበው ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ማጂክ የተባለው ጨዋታ ከወጣ ወዲህ በተስፋፋው የታሸገ ካርታ ሽያጭ ነው። ገዢው በእሽጉ ውስጥ የትኛው ካርታ እንዳለ ሳያውቅ ይገዛል፤ ብርቅዬ ካርታ ከወጣለት መልሶ ይሸጠዋል፤ ካልወጣለት ሌላ እሽግ ይገዛል። ሳጥን አንድ ጊዜ ከተገዛ በቃ ነው፤ እሽግ ግን ሁልጊዜ ይፈለጋል፤ ባለ ሱቁም ከዚህ ይኖራል። ነጋዴ ብሆን ኖሮ ነገ አስመጣለሁ። ነገር ግን ይህ ሎተሪ ካልሆነ ሎተሪ ምንድን ነው? የሞባይል ካርድ ስላስያዙ ልጆችን አባርሬ፣ እኔው ባንኮኒ ላይ ዕድል አሽጌ ብሸጥ በየትኛው ዓይኔ እትዬን አያለሁ?

ከሁሉ ያስደሰተኝ ሥራ ግን ትርጉሙ ነው። የጨዋታዎቹ ሕግ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሰው ሳጥን ከፍቶ፣ ወረቀቱን አይቶ፣ መልሶ ይዘጋዋል። እኔም ቃል ፍለጋ ገባሁ፤ ስገባ አብዛኛው ቃል እቤታችን ተቀምጦ አገኘሁት። ካርታ ይበወዛል፣ ይታደላል፣ ይመዘዛል፣ ይጣላል፤ ተራ ይጠበቃል፤ የዳማ ጠጠር ይነግሣል። ከሰንጠረዥ ደግሞ አንድ ዕንቁ ቃል አገኘሁ። ከቼዝ ጋር የሚመሳሰለው የእኛ ሰንጠረዥ ዥንጉርጉር ሰሌዳ የለውም፤ በጨርቅ ላይ በተሠመረ መሥመር ነው የሚጫወቱት፤ አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደ ነበረ ተጽፏል። አጀማመሩ «ወረራ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ፣ የፈለጉትን ያህል፣ እኩል ያንቀሳቅሳሉ። ከዚያች ከመጀመሪያዋ መብላት በኋላ ነው ተራ የሚመጣው። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ የሚጫወትበትን ምዕራፍ ምን ልበለው ብዬ ሳምንት የተጨነቅሁበትን ነገር ወረራ በአንድ ቃል ገላገለኝ። ልጆቹ ግን ሰንጠረዥ ሲባሉ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ስለሚመስላቸው፣ ጨርቁን ዘርግቼ ካላሳየኋቸው አያምኑኝም።

ካታን የተባለውን ስተረጉም የገጠመኝን ደግሞ ስማ። በ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን አገር የወጣ፣ መንደርና መንገድ እየሠሩ፣ እንጨት፣ ጡብ፣ ስንዴ፣ ማዕድንና በግ እየተለዋወጡ አስቀድሞ 10 ነጥብ የሞላ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነው። በብዙ ጠረጴዛ ላይ በግ እንደ ርካሽ ስለሚታይ ሰው ሁለት በግ ሰጥቶ አንድ ጡብ ይለምናል። የመሐል ሜዳ ልጅ የሆነ አንድ ተማሪ ግን «በግ በጡብ? የመንዝ በግ?» ብሎ ካርታዎቹን ወደ ደረቱ ሰበሰበ፤ ጨዋታው እስኪያልቅ አንድም በግ አልሸጠም፤ ሰባት ቁጥር ወጥቶ ከሰባት በላይ ካርታ የያዘ ሁሉ ግማሹን እንዲጥል ሲታዘዝም መንጋው አለቀበት። የሁለቱ ዳይስ ድምር ሰባት ሲሆን የሚመጣውን ዘራፊ እኔ መጀመሪያ «ሽፍታ» ብዬ ተርጉሜው ነበር። ቃሉን ጮክ ብዬ ሳነብ ጠረጴዛው ጸጥ አለ፤ አንዱ ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ። ምንም አላሉኝም። በማግሥቱ «ሌባ» ብዬ አስተካከልሁት፤ አሁን ይስቁበታል።

ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አንድ አባትም ሁልጊዜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ከአዲሶቹ ጨዋታዎች አንዱንም አልነኩም፤ አናጢ ያሠራሁትን ባለ ሦስት ረድፍ ገበጣ ይዘው ጥግ ይቀመጣሉ። ጠጠሩን ከጉድጓዱ ሲዘግኑ አይቆጥሩም፤ ጣታቸው ያውቀዋል። የሒሳብ ተማሪዎች በወረቀት እየደመሩ ተራ በተራ ሲሸነፉላቸው አይቻለሁ። ገንዘብ አልቀበልም ብላቸው «እንግዲያው ቁማር ቤት ነው፤ በነጻ የሚያስቀምጥ ሌላ ቤት የለም» ብለው 25 ብራቸውን ሻዩ ሥር ያስቀምጣሉ።

የካታኑን ትርጉም ረቂቅ ሦስት ገጽ በዚሁ ፖስታ አድርጌልሃለሁ። አንተ አማርኛ ስታስተምር የኖርህ ነህና በቀይ እስክሪብቶ አትራራልኝ። በተለይ ፊቱ ተደፍቶ መሐል ላይ ለሚቀመጠው የካርታ ክምችት ቃል አጥቻለሁ፤ «ክምር» ብለው የጤፍ ሆነብኝ፣ «ቁልል» ብለው የጡብ ሆነብኝ። ልጆቹ «እናት» ይሉታል፤ «ከእናት አንሣ» ሲሉ ትሰማለህ። እኔ ወድጄዋለሁ፤ በጽሑፍ ይኬድበት እንደ ሆነ ግን አንተ ፍረድ።

ለገና ከመጣህ አልጋ አለ፤ ብርዱን ረስተኸው እንደ ሆነ ጋቢህን አትርሳ። በትምህርት ቤት የወንበር ክዳን ላይ በምስማር የቀረጽነው ዳማ ከባንኮኒው ጀርባ ተሰቅሏል። ከ24ቱ ቆርኪዎች አንዱ ጠፍቶ በቦታው ቁልፍ አስገብቻለሁ፤ የጠፋው ከአንተ ወገን ነው። መጨረሻ የተጫወትን ጊዜ ያሸነፍኸው አንተ ነህና የምጀምረው እኔ ነኝ።

ወንድምህ