ደብዳቤ ለልጄ፦ ስልኩ ኪስሽ ውስጥ እንዳለ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? የኮንዶሚኒየሙ ውኃ መጣ? ጭንቀት የሚያስታግስ አፕ የትኛው ይሻላል ላልሽኝ ይኸው።

መጀመሪያ ገንዘብሽን ያዢ። ካልምና ሄድስፔስ ስማቸው የገነነ ቢሆንም አብዛኛው ነገራቸው በክፍያ ነው፤ «ለሙከራ ነፃ» ያሉትም ቀኑ ሲያልፍ ካልሰረዝሽው መቁረጥ ይጀምራል። ሜዲቶ የሚባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሠራው ስለሆነ ነፃ ነው። ብቻ ትረካው እንግሊዝኛ ነው፤ ጭንቅ ባለሽ ሰዓት በልብሽ እየተረጎምሽ ማረፍ ደግሞ የለም። ስለዚህ ከሚያወራው ይልቅ ትንፋሽ የሚመጥን አፕ ፈልጊ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ስትሰፋ አየር ታስገቢያለሽ፣ ስትጠብ ታስወጫለሽ።

በአፍንጫሽ 4 ሰከንድ አስገቢ፣ 6 ሰከንድ አስወጪ። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይመጣል፤ 5 ደቂቃ ይበቃል። ማስወጫው ለምን እንደረዘመ ማወቅ ከፈለግሽ ሁለት ጣትሽን ከአውራ ጣትሽ ግርጌ፣ አንጓሽ ላይ አሳርፊና የደም ሥርሽን ምት ተከታተይ። አየር ስታስገቢ ፈጠን ይላል፣ ስታስወጪ ዘገም። አፑ ሌላ ተአምር የለውም፣ ይቺን ዘገምታ ነው የሚያስረዝምልሽ። መነፋት ያለበት ሆድሽ ነው፤ ትከሻሽ ከተነሣ አልሆነም። ራስሽን ካዞረሽ ወይም ጣቶችሽን ከነዘረሽ አየሩን አብዝተሽ እየሳብሽ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድሽ ከሚገባው በላይ ወጥቷል። ፍጥነቱን ሳትነኪ እያንዳንዱን ትንፋሽ አሳንሺው። 6 ከከበደሽ በ3 እና በ4 ጀምሪ።

ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልክ አውጥቶ ክብ ማየት ሌባ መጥራት ነው። አፑ ንዝረት ካለው እሱን አብሪና ኪስሽ ውስጥ ያዢው። ስክሪኑ ሲጠፋ ንዝረቱም ከቆመ፣ ብዙውን ጊዜ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ አፑን እየዘጋው ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ አፑን ፈልገሽ ባትሪ የሚለው ላይ ገደቡን አንሺለት።

አፕ ውስጥ ያለውን ስሜት መመዝገቢያ በተመለከተ፣ ያቺን ያዘነች ፊት ሥዕል ነክቶ መዝጋት ከንቱ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ያሰብሽውን፣ ከ0 እስከ 10 ደግሞ ክብደቱን ጻፊ። «ማክሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ታክሲ ሰልፍ፣ 7፣ አለቃዬ ማርፈዴን ሲመዘግብ ታየኝ» ያህል ይበቃል። ከ2 ሳምንት በኋላ አንብቢው። ክብደቱን 7 ያልሽው ሁሉ ሰልፉ ላይ ከሆነ የሚያስፈልግሽ ትንፋሽ ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መውጣት ወይም ስለ መግቢያ ሰዓት ከአለቃሽ ጋር መነጋገር ነው። ይህን የሚነግርሽ አፕ የለም። አፑ የስልክ ቁጥሮችሽን ወይም ያለሽበትን ቦታ ልይ ካለሽም ከልክዪው፤ ለትንፋሽ ምን ያደርግለታል? «ዛሬ አልገባሽም» እያለ የሚወቅሰውንም ኖቲፊኬሽን አጥፊ።

እንቅልፍና ምግብ እምቢ ብሎሽ፣ ሥራም አልያዝ ብሎሽ 2 ሳምንት ካለፈ ግን ነገሩ ከአፕ በላይ ነውና ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ከዚያ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሊልኩሽ ይችላሉ፣ አትፈሪ። መሞትን ያሳሰበሽ ቀን ሁለት ሳምንት የሚባል ነገር የለም፣ የዚያኑ ዕለት ነው። ፀበሉም ይቀጥል፣ የታዘዘልሽን መድኃኒት ግን ለፀበል ብለሽ እንዳታቋርጪ።

ረዣዥሙን ልምምድ ቢሮ ዋይፋይ ሲኖር አውርጂው፣ ፓኬጅሽን አይብላው። መብራቱ ስለማይታመን ማታ ማታ ቻርጅ አድርጊ፤ ቻርጀሩ ሳሎን ይሰካ እንጂ ትራስሽ ሥር አይሁን።

እናትሽ