ጉዳዩ፡ «አትሞቺም» ተብዬ ስለተመለስኩበት የኦፕሬሽን ቀጠሮ

ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የአካሌዥያ ታካሚያችሁ ነኝ፤ የምግብ ቧንቧዬ መጨረሻ ላይ ያለው ጡንቻ አልላላ ብሎ ምግብ ወደ ሆዴ አያሳልፍም። ታሪኬ ፋይሌ ላይ ስላለ አልደግመውም። የምጽፈው ስላለፈው ማክሰኞ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከቀጠሮ ክፍላችሁ ተደወለልኝ። «ማክሰኞ የመጀመሪያዋ ታካሚ አንቺ ነሽ፤ አልጋሽ ተይዟል፤ ሳትሰጊ ነይ» ተባልኩ። ቧንቧዬ ውስጥ የቀረ ምግብ በማደንዘዣ ሰዓት ወደ ሳንባዬ እንዳይገባ፣ ከእሑድ ጀምሮ ከፈሳሽ በቀር እንዳልቀምስ ታዘዝኩ። ከሰኞ እኩለ ሌሊት በኋላ ውሃም ተከለከልኩ። ሁሉንም ፈጸምኩ። ወንድሜ ሊያስታምመኝ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ ከደሴ መጣ።

ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በራችሁ ላይ ነበርን። ካርድ ክፍል «ተቀመጪ፣ ትጠሪያለሽ» አሉኝ። ከእኔ በኋላ የመጡት እየተጠሩ ገቡ። ከንፈሬ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። 5 ሰዓት ሲሆን ተነሥቼ ቀጠሮ የሚይዘውን ሠራተኛ ጠየቅሁት።

ኮምፒውተሩን አየት አድርጎ «ስምሽ የለም» አለኝ። ቅዳሜ እንደተደወለልኝ ነገርኩት። «ተሰርዟል። ትናንት ደውለንልሻል» አለ። ስልኬን አውጥቼ ዘረጋሁለት። ሰኞ ከእናንተ የገባ አንድም ጥሪ የለም። ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ለምን ተሰረዘ? «ሐኪሙን ጠይቂ።» ሐኪሙ የት ናቸው? «ዛሬ አይገቡም።» ታዲያ መቼ ልምጣ? «እንደውልልሻለን።» ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እባክዎ፣ ምግብ አልወርድ ብሎኝ እኮ ነው፤ ሰውነቴ እያለቀ ነው» አልኩት። የመለሰልኝ ይህ ነው፦ «እስከ ዛሬ ኖረሽበት የለ? ትንሽ ብትጠብቂ አትሞቺም።»

ወረፋ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ ነው። እኔ «እርስዎ» እያልኩት ነው። ወንድሜ ሊናገር ሲነሣ ይዤ አስቀመጥኩት።

እንዴት እንደምኖርበት ሠራተኛችሁ ይወቅ። የጎረስኩት እንጀራ ደረቴ ላይ ቆሞ ይቀራል። በውሃ ካልገፋሁት አይወርድም፤ አንዳንዴ ውሃውም አብሮ ይመለሳል። ተጋድሜ መተኛት ትቻለሁ። ትራስ ደራርቤ ተቀምጬ ነው የማድረው፤ እንዲያም ሆኖ ሌሊት ትን ብሎኝ እነቃለሁ። ዘመድ ቤት ጉርሻ ሲመጣ አፌን በእጄ እከልላለሁ። ሰው ኩራት ይመስለዋል።

በሽታው ብርቅ መሆኑን አውቃለሁ። በዓመት አዲስ የሚይዘው ከ100,000 ሰው አንዱን ገደማ ነው። ኦፕሬሽኑ ግን የትናንት ግኝት አይደለም። አልላላ ያለውን የቧንቧ ጡንቻ መቁረጥ ጀርመናዊው ሐኪም ኤርነስት ሄለር እ.ኤ.አ. በ1913 የጀመረው ነው። እናንተም እንሠራለን ብላችሁ ነው ዲፖዚት የተቀበላችሁኝ።

ከተነሣ አይቀር፣ ባሪየም ጠጥቼ የተነሣሁት ራጅ እናንተው ዘንድ ጠፍቶ ድጋሚ ከፍዬ ተነሥቻለሁ። ያንን ነጭ ፈሳሽ መዋጥ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ራጅ ክፍላችሁ አይቷል። ይቅርታ ያለኝ የለም። ገና ከመጀመሪያው ራጁ ሳይታዘዝልኝ «ጨጓራ ነው» እየተባልኩ ለወራት ኦሜፕራዞል ስውጥ ከርሜያለሁ። ስልካችሁ ደግሞ ይጠራል እንጂ አይነሣም።

አሁን የምጠይቀው ቁርጥ ያለ የኦፕሬሽን ቀን ነው፤ በጽሑፍ፣ የሚሠሩልኝ ሐኪም ስም ተጠቅሶ፣ ማኅተም ተደርጎበት። የሰኞው ጥሪ የትኛው ቁጥር ላይ እንደተደወለ ይነገረኝ። ሠራተኛው ይቅርታ ይጠይቀኝ። ለትራንስፖርትና ለፔንሲዮን ያወጣነው ይተካልን። ቀን መስጠት ካልቻላችሁም ዲፖዚቴን ሳይቆረጥ መልሱልኝ፤ የኢንዶስኮፒውንና የራጁን ውጤት ከፋይሌ ኮፒ ጋር ስጡኝና ሌላ ቦታ ልሂድ።

እስከ መጪው ዓርብ መልስ ካላገኘሁ ለአዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አመለክታለሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ገንዘብ የከፈለ ሰው በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በእሱም እሄድበታለሁ።

«እንደውልልሻለን» የሚል መልስ አልቀበልም።

ከሰላምታ ጋር
ታካሚያችሁ

ግልባጭ፦
ለሕክምና ዳይሬክተሩ