ዝም ካለችስ?

እኅት ዓለም፣ እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ? ሥራውስ?

ስንት ጊዜ ሆነን ሳንጻጻፍ! መጀመሪያ ኔትወርኩ ጠፋ፣ ቀጥሎ መንገዱ ተዘጋ፣ ኋላ ደግሞ ዝምታው ራሱ ለመደብን። እማማን ገበያ አግኝቻቸው ነበር፤ ደህና ናቸው፣ «ጻፊላት እንጂ!» ብለው ተቆጡኝ። ሌላውን ወሬ ለሌላ ቀን ላቆየውና ሰሞኑን እንቅልፍ የነሣኝን ነገር ላጫውትሽ።

አሁንም እዚሁ መንዝ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የሴቶች ክበቡንም ደርበው ሰጡኝ። ልጆቹ የጥያቄ ሣጥን እንሥራ አሉ፤ ስም ሳይጻፍ ወረቀት የሚጣልበት። ስለ ወር አበባና ስለ እርግዝና የመጣው ጥያቄ ጥቂት ነው፣ እሱን ከመጽሐፉ ተምረውታል። የማህፀንን ሥዕል ሥለሽ ክፍሎቹን ጥሩ ብትያቸው ማንም አያቅተውም። የጠየቁት ሌላ ነው።

አንዷ «ካርድ ይሞላልኛል፣ ምሳም ጋብዞኛል፣ አሁን እምቢ ብለው ዕዳ አለብኝ ወይ?» ብላ ጻፈች። ሌላዋ «እወደዋለሁ፣ ቤቱ መሄድ ግን አልፈልግም፣ ሳይቀየመኝ እንዴት ልንገረው?» ትላለች። ፎቶ ላኪልኝ እያለ በቴሌግራም የሚጨቀጭቃት ልጅ ያለባትም አለች። ይበልጥ የገረሙኝ ግን ወንዶቹ ናቸው። የሴቶች ክበብ ሣጥን ነው ብለው አልተዉትም። አንዱ «ሴት ልጅ መጀመሪያ እምቢ የምትለው ለወጉ ነው፣ ድፈር ይሉናል፣ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀ። የሌላው ወረቀት ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ዝም ካለችስ?»

እስቲ አስቢው። ይህ ልጅ ክፉ ቢሆን አይጠይቅም ነበር። ማወቅ ፈልጓል፣ የሚነግረው ሰው ግን የለም።

የተማሪዎቻችንን ኑሮ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ አንቺም አልፈሽበታል። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ከጓሳ ዙሪያም ከቆላውም ወደ ከተማ ይመጡና ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፣ ስንቃቸው ከገበያተኛ ጋር ይላክላቸዋል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ እናት አጠገቧ የለች፣ አባት የለ፣ በሩም ቢሆን ገፋ ቢያደርጉት የሚከፈት ነው። ወንዱም ያው ብቻውን ነው። ስለ ፍቅር የሚሰሙት ከቲክቶክና ከታላላቆቻቸው ወሬ ነው። ትምህርት ቤት ካልነገራቸው ማን ሊነግራቸው ነው?

አንድ ቀን ከሰዓት ወንዶቹንም ጠርተን አወያየናቸው። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ተነሣና «በእኛ ባህል እኮ ፈቃድ ይጠየቃል፣ በጥምቀት ሎሚ ይወረወራል፣ ካልፈለገች ትታው ትሄዳለች» አለ። አጨበጨቡለት። ከኋላ አንዷ «ሎሚው ደረቴን ሲመታኝ ማን ጠየቀኝ?» አለችው። ከዚያ በኋላማ ውይይቱን እነሱ ወሰዱት፣ እኔም ደስ እያለኝ ተውኩላቸው። ወንዶቹ «ታዲያ እንዴት እንቅረባችሁ?» ይላሉ፣ ሴቶቹ «ጠይቁና መልሱን ስሙ፣ መንገድ ላይ ተሰብስባችሁ አትልከፉን» ይላሉ። አንዱ ደግሞ «እምቢ ስንባል ጓደኞቻችን ይሥቁብናል፣ እሱንስ እንዴት እንቻለው?» አለ። ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። ሴቶቹን እምቢ ማለት አስተምረን ወንዶቹን እምቢታ መቀበል ካላስተማርናቸው ሸክሙን ሁሉ መልሰን እሷው ላይ ጫንነው ማለት ነው።

ሕጉንም አነበብንላቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይሁን ይላል፣ የቤተሰብ ሕጉም 18 ዓመት ያልሞላው አያግባ ይላል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ቅጣቱ ይቀርለት ነበር። ይህን ያስቀረው በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ አሁን ለጋብቻ ብሎ መጥለፍ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያሳስራል። ልጆቹ አላመኑኝም። የብዙዎቹ እናቶች እኮ ያደጉት በዚያ በድሮው ሕግ ጊዜ ነው! የአሁኑም ቢሆን ሁሉን አይመልስም። ስለ መድፈር የሚያወራው አንቀጽ 620 ኃይልን፣ ከባድ ዛቻንና ራሷን እንዳታውቅ ወይም እንዳትከላከል ማድረግን ነው የሚያነሣው፣ ያውም ከጋብቻ ውጭ ሲሆን። የዚያ ልጅ ጥያቄ ዝምታ ነው። እኔ የመለስኩለት እንዲህ ነው፤ ዝም ካለች አልፈቀደችም፣ ተው፣ ራቅ በልና ጠይቃት፣ መልስ ካላገኘህ እንደ እምቢታ ቁጠረው።

ታዲያ አንድ ባልደረባዬ «ብልግና እያስተማርሽ ነው» አለኝ። ሣጥኑም «ለጊዜው» ተብሎ ቢሮ ተቆልፎበታል። አንድ አባት ደግሞ «18 ዓመት ሳይሞላ ክልክል ነው ካላችሁ ስለ ፈቃድ ማውራት ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቁኝ። የሳቸው ጥያቄ ከልብ ስለሆነ ቁጭ ብዬ አነጋገርኳቸው። ነገሩ የሚጀምረው እኮ በጣም ቀድሞ ነው፤ እጇን ሲጎትታት፣ ስልኳን ቀምቶ ሲያነብ፣ ፎቶዋን ለጓደኞቹ ሲያሳይ። ዩኔስኮ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ላይ ከ5 እስከ 8 ዓመት ላሉ ሕፃናት የተቀመጠው ትምህርት ሰውነቴን ማን እንደሚነካኝ የምወስነው እኔ ነኝ የሚል ነው። ይህ ከእምነታችን ጋር ምን ያጣላል? ታውቂኛለሽ፣ ጾሜንና ጸሎቴን አላጎድልም፣ ልጆቹም እስኪያገቡ እንዲታቀቡ እፈልጋለሁ። ግን መታቀብ የምትችለው እምቢ ስትል የሚሰማት ካለ አይደል?

እናንተ አገር አውስትራሊያ በ2021 እ.ኤ.አ. ያቺ ቻኔል ኮንቶስ የምትባል የሲድኒ ልጅ በኢንስታግራም ጠይቃ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችና የቀድሞ ተማሪዎች የደረሰባቸውን ሲጽፉላት፣ በዓመቱ የትምህርት ሚኒስትሮቹ ስለ ፈቃድ የሚሰጠው ትምህርት ከ2023 ጀምሮ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ 10ኛ ግዴታ እንዲሆን ተስማሙ። ቀናሁ፣ አልዋሽሽም። ልጆች ተናገሩ፣ ትልልቆቹም ሰሙ። የእኛዎቹም ተናግረዋል፣ ወረቀታቸው ቢሮ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ትልቋን ልጅሽን አስቸግሪልኝ። በቴሌግራም በድምፅ ትላክልኝ፣ አማርኛዋ ቢሰባበርም ግድ የለም። ምን ያስተምሯቸዋል? ምኑ ጠቀማት፣ ምኑስ አሰለቻት? ወንዶቹ ይቀልዳሉ ወይስ ያዳምጣሉ? ሴትና ወንድ አብረው ነው የሚማሩት ወይስ ተለያይተው? እዚህ ይህ ትልቅ ክርክር ሆኗል፤ ሴቶቹ መጀመሪያ ለብቻችን ይላሉ፣ እኔም ወደዚያው አደላለሁ። ከጥምቀት በኋላ የወላጆች ስብሰባ አለ፣ ክበቡም የመናገሪያ ጊዜ ተሰጥቶታል። ከወንዶቹም ከሴቶቹም ሊናገሩ የተዘጋጁ አሉ። ከዚያ በፊት እንዲደርሰኝ አድርጊ፣ ለልጆቹ አሰማቸዋለሁ።

ያንቺዋ፣
የመንዟ እኅትሽ