አህመዳባድ ላለችው ልጄ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማደሪያ አግኝተሽ ትምህርት መጀመርሽን ስትነግሪን እናትሽ እልል አለች።

አሁን ሐሳብሽ ሁሉ ትምህርቱ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እኔም እዚያው ከተማ ተምሬያለሁና አንድ ነገር ልለምንሽ። የመጀመሪያዋን የዕረፍት ቀንሽን በትልልቆቹ የገበያ ሕንፃዎች አታሳልፊያት። ባጃጅ ያዢ (እዚያ አውቶ ነው የሚሉት)፣ ላል ዳርዋጃ አካባቢ ውረጂና የሲዲ ሰይድን መስጊድ እዪ።

ሲዲ ሰይድ ሐበሻ ነው። በየመን በኩል አድርጎ አህመዳባድ ወዳለችበት የሕንድ ግዛት ወደ ጉጃራት ገባ፤ እዚያ በሌላ ሐበሻ የጦር አዛዥ ሥር አገለገለ። መስጊዱ የተሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1572 እና 1573 ነው፤ ልክ ሰሜን ሕንድን ይገዛ የነበረው የሞጉሉ ንጉሥ አክበር ጉጃራትን በያዘበት ጊዜ። በመጠኑ ትንሽ ነው። ከሩቅ ብታዪው ታልፊዋለሽ። አንቺ ግን በጀርባው በኩል ዞረሽ መስኮቶቹን ተመልከቺ። ድንጋዩ እንደ ጥልፍ ተፈልፍሏል። በአንደኛው ላይ ዛፍና ዘንባባ ቅርንጫፋቸው ተጠላልፎ መስኮቱን ሞልተውታል። የከተማዋ ስመ ጥር የሥራ አመራር ተቋም እንኳ ዓርማውን የወሰደው ከዚህ ነው። የመካከለኛው መስኮት ግን ቅርጽ የለውም፤ በድንጋይ የተደፈነ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ የቆምኩት እሱ ጋ ነው። መስኮቶቹ ወደ ምዕራብ ስለሚያዩ ከሰዓት በኋላ ብትሄጂ ፀሐዩ በቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ይገባል።

እንግሊዞች በገዙበት ዘመን ያንን ቤት የመንግሥት ቢሮ አድርገውት ነበር። ዛሬ ይሰገድበታል። ስለዚህ ራስሽን ተከናነቢ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ እስከ የት መግባት እንደሚፈቀድልሽ ጠይቂ።

ታሪኩን ሳታሳምሪ እወቂው። ወደ ሕንድ ከተሻገሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ተይዘውና ተሽጠው የሄዱ ናቸው። ከባርነት ወጥተው ጦር የመሩ፣ አገር ያስተዳደሩ አሉ። ከባርነት ተነስቶ የጦር መሪ የሆነውን ሐበሻ ማሊክ አምባርን ታውቂዋለሽ፤ እሱ ግን የሌላው የሕንድ መንግሥት የአህመድናገር ሰው ነው፣ ከአህመዳባድ ጋር እንዳታምታቺው። ጉጃራት ውስጥ፣ ጊር ጫካ አጠገብ ጃምቡር በሚባለው መንደር፣ ዛሬም ሲዲ የሚባሉ አፍሪካዊ የዘር ግንድ ያላቸው ሰዎች ይኖራሉ። ሁሉም ከእኛ አገር የሄዱ አይደሉም፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የተወሰዱም ብዙ ናቸው። ካገኘሻቸው እንደ ዘመድ ሰላም በያቸው።

ከዚያ ወደ አሮጌው ከተማ በእግርሽ ግቢ። ከተማዋን በ1411 የቆረቆራት ሱልጣን አህመድ ሻህ ነው፤ ስሟም ከእሱ ነው። ትልቁ መስጊድ ጃማ መስጂድ በ1424 ያለቀ ሲሆን 260 ዓምዶች አሉት። አጠገቡ ማኔክ ቾክ አለ፦ ጠዋት አትክልት፣ ቀን ወርቅ፣ ማታ ምግብ የሚሸጥበት አደባባይ። ከዚህ ቀጥሎ ፖል የሚሏቸው ሰፈሮች ይመጣሉ። ጠባብ ናቸው፣ የራሳቸው በር አላቸው፣ መሐል ላይ ለወፎች እህል የሚሰጥበት የተቀረጸ ማማ ቆሟል። ዩኔስኮ በ2017 አሮጌውን ከተማ የመዘገበው ያለምክንያት አይደለም።

ከከተማው ቅጥር ውጭ፣ በሰሜን በኩል፣ የጄይኖች (ሕይወት ያለውን ሁሉ መጉዳት የሚከለክል የሕንድ ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው) የሐቲሲንግ ቤተ መቅደስ አለ። በ1848 ከነጭ እብነ በረድ ተሠራ። የቆዳ ቀበቶና ቦርሳ ይዘሽ እንዳትገቢ። ስለ ምግብም አንድ ነገር ልንገርሽ። ሥጋ የሌለበት ምግብ ቤት በየደጃፉ ታገኛለሽ፤ ግን የጾም ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ። ቅቤና እርጎ ይገባበታል። እናትሽ በተለይ ይህን ጻፍላት ብላኛለች።

ጋንዲ ከተከታዮቹ ጋር የኖረበትን ግቢ፣ ሳባርማቲ አሽራምን ሳታዪ ደግሞ አትምጪ። እንግሊዝ የጣለችውን የጨው ግብር በመቃወም፣ ጋንዲ በማርች 12 ቀን 1930 ከዚያ ግቢ ከ78 ተከታዮች ጋር ተነስቶ፣ 385 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ሄዶ ዳንዲ ባሕር ዳር ጨው አነሳ። ክፍሉን ስታዪ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ትገረሚያለሽ።

አዳላጅን ለብቻሽ አትሂጂ፤ ከከተማው ውጭ ስለሆነ ጓደኞችሽን ያዢ። በ1499 ያለቀ፣ አምስት ፎቅ ወደ ታች የሚወርድ የውኃ ጉድጓድ ነው። ደረጃውን ስትወርጂ ግድግዳው ሁሉ ቅርጽ ነው። ከኤፕሪል በኋላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ አሁን ብርዱ ሳያልፍ ሂጂ። ውኃ ያዢ። ስትመለሺ ደውዪልን፤ እናትሽ ድምፅሽን ሳትሰማ አትተኛም።

አባትሽ