ለእማዬ፣ ስለ አያቴ ሉል

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቋ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ገብታለች። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ ሳቁ ሁሉ ተለውጧል፤ ብታዪው!

በሻሽ ቋጥረሽ የላክሽው የአያቴ የሉል ሐብል ደርሶኛል። ሻሹ አሪቲና ጢስ ይሸታል፤ እስካሁን አላጠብኩትም። «ይጠገን» ብቻ ብለሽ ላክሽው። ለምን ለእኔ፣ ለምን አሁን እንደሆነ አልነገርሽኝም፤ እኔም በስልክ መጠየቅ ፈራሁ።

ዶቃ የሚሰካ ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩት። የአያቴ ፈትል በቅቤና በላብ ጠቁሮ ሊበጠስ ደርሷል። ሰውየው አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሴ ዳር ቀስ አድርጌ እንዳሽ ነገረኝ። እውነተኛ ሉል ጥርስ ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራል። የእኛ ተንሸራተተ። ሌሎቹንም ሞከርኩ፤ ሁሉም ያው ናቸው። ከዚያ የቀዳዳውን አፍ በአጉሊ መነጽር አሳየኝ፤ ቅቡ ተልጦ ከሥሩ መስታወት ይታያል። እማዬ፣ የዳህላክ ሉል ነው፣ ከአልዩ አምባ ገበያ የተገዛ ነው እየተባለ ያደግንበት ጌጥ ከዓሣ ቅርፊት በሚወጣ አንጸባራቂ የተቀባ መስታወት ነው።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። እንዳታዝኚብኝ ፈርቼ ነው። ግን እኔም ያዘንኩበት አለ። የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ለጥምቀት አንገቴ ላይ አድርጌው ተበጠሰና ፍሬው ሁሉ ግቢው ውስጥ እንደ ገብስ ተዘራ። አፈሩን በወንፊት ነፍተን ለቀምን፤ አንዲት ጎደለች። «የበሬ ዋጋ አጠፋሽ» ብለሽ በልምጭ ገረፍሽኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አፈሩን ስዳብስ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ያን ቀን አንስተን አናውቅም። አልተቀየምኩሽም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ውሸት እንዳይሆንብኝ ተውኩት።

ባለሙያው አሁን በሐር ክር ሰክቶታል፤ በየፍሬው መካከልም ቋጠሮ ጥሎበታል። ቋጠሮው ፍሬ ከፍሬ እንዳይፋተግ ያደርጋል፤ ክሩ ቢበጠስም የምትወድቀው አንዲት ፍሬ ብቻ ናት አለኝ። ይህን ስሰማ እዚያው ሱቁ ውስጥ አለቀስኩ። አያቴ ቋጠሮ ጥላበት ቢሆን ኖሮ! የጎደለችውን በሌላ ሊተካልኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። አሮጌውን ፈትልም አልጣልኩትም።

ከእንግዲህ ቅቤም ሽቶም አይንካው። ውኃ ውስጥ አትንከሪው፤ ትንሽ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው። ሚስማር ላይ ከሰቀልሽው ክሩ ይለጠጣል፤ አጋድመሽ አስቀምጪው። ይህን ሁሉ የምነግርሽ መልሼ ስለማመጣልሽ ነው። አንቺ እያለሽ የምወርሰው ነገር የለኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ በሻሽ ቋጥረሽ እንዳትልኪብኝ።

ኅዳር 12፣ ለሚካኤል፣ እመጣለሁ። ከበዓሉ ማግስት ደብረ ብርሃን አብረን ሄደን የዓይንሽን ሞራ እናሳያለን። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፤ «ለዚህ ዕድሜ ምን ያደርግልኛል» አትበዪኝ። እስከዚያ ድረስ ማታ ማታ ብቻሽን ወደ ጓሮ አትውጪ፤ ደረጃው ይንሸራተታል።

የሐብሉን መንጠቆ በትልቅ አስቀይሬዋለሁ። በዳበሳ እንድትከፍቺው ብዬ ነው።

ልጅሽ