ከካሜራ ጀርባ ያሉትን መድረክ ላይ እናውጣቸው፦ ለፊልምና ቴሌቪዥን ምሽቶች የድጋፍ ጥሪ

ፊልም አልቆ መብራት ሲበራ ሰው ከመቀመጫው ይነሳል። ስክሪኑ ላይ የሚያልፈውን የስም ዝርዝር ቆሞ የሚያነብ ጥቂት ነው። እነዚያ ሰዎች ሙያቸውን ከየት አገኙት ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ከሌላ ባለሙያ አጠገብ ቆመው፣ አይተው፣ ጠይቀው ነው የተማሩት። እኛም የተነሳነው ይህንን ዕድል ለብዙ ሰው ለመክፈት ነው። ያሰብነው አሥር ምሽት ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ፊልም ወይም የአንድ ተከታታይ ድራማ ክፍል እናሳያለን፤ ከዕይታው በኋላ ሙያውን በእጃቸው ከሚሠሩት ጋር ረዘም ያለ ውይይት ይደረጋል። መግቢያው ለማንም ሰው በነፃ ነው። በነፃ እንዲሆን ደግሞ የእናንተ እጅ ያስፈልገናል።

አይቶና ተከራክሮ መማር በሲኒማ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ሄንሪ ላንግሉዋና ጆርጅ ፍራንዡ እ.ኤ.አ. በ1936 ፓሪስ ውስጥ ሲኒማቴክ ፍራንሴዝ የተባለውን የፊልም ማኅደር ሲመሠርቱ ሐሳባቸው አሮጌ ፊልሞችን ከመጥፋት ማዳንና ለሰው ማሳየት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እዚያ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ሲያዩና ሲከራከሩ ያመሹ የነበሩት ትሩፎ፣ ጎዳርና ሪቬት ራሳቸው ካሜራ ይዘው ወጡ፤ የፈረንሳይን ሲኒማ መልክም ለወጡት። ትምህርት ቤታቸው አዳራሹ ነበር። የእኛው ኃይሌ ገሪማም ሌላ ነገር አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1993 ለዕይታ ያበቃውን «ሳንኮፋ» የተሰኘ ፊልም አከፋፋዮች ፊት ሲነሱት እሱና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና አዳራሽ እየተከራዩ በየከተማው ራሳቸው አሳዩት። ያየው ላላየው እየነገረ አዳራሾቹ ሞሉ። ፊልሙን እስከ ተመልካቹ ያደረሰው ማኅበረሰቡ ነው።

ምሽቶቹን የሰጠናቸው ስማቸው ብዙም ለማይነሳ ሙያዎች ነው። ለዳይሬክተርና ለታዋቂ ተዋናይ መድረክ አይጠፋም። የኮንቲኒዩቲ ባለሙያን ግን ማን ጠርቶ ያውቃል? ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም። አንድ ሰው በር ከፍቶ ሳሎን ሲገባ የምናየው ትዕይንት የውጪውና የውስጡ ቀረጻ በሳምንታት ሊራራቅ ይችላል። ሲገባ ቦርሳውን በየትኛው ትከሻው አንግቶ ነበር? የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ተከፍቶ ነበር ወይስ ተቆልፎ? አረፍተ ነገሩን የጨረሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው ወይስ እየተቀመጠ? ይህንን ሁሉ በማስታወሻና በፎቶ እየያዘ የሚውል ሰው አለ። አርታኢው ሁለቱን ቀረጻዎች ስፌቱ ሳይታይ እንዲገጥማቸው የሚያደርገው ያ ማስታወሻ ነው።

አንዱን ምሽት ሙሉ በሙሉ ለድምፅ ሰጥተነዋል፤ እኔ በግሌ ከሁሉ በላይ የምጓጓለትም እሱን ነው። ጃክ ፎሊ በአሜሪካው ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ከእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባስለመደው አሠራር፣ ባለሙያው ምስሉን እያየ ከተዋናዩ እኩል እየረገጠ፣ ልብሱን እያንኮሻኮሸ፣ ኩባያውን እያስቀመጠ ድምፁን እንደገና ይፈጥረዋል። በረዶ ላይ የሚሄድ እግር ድምፅ በበቆሎ ስታርች ከተሞላ የቆዳ ከረጢት ይወጣል፤ አጥንት ሲሰበር የምንሰማው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተቀነጠሰ የሴለሪ ግንድ ነው። አንድ አጭር ትዕይንት ሦስት ጊዜ እናሳያለን። መጀመሪያ ቀረጻው ቦታ በተያዘው ድምፅ ብቻ ይታያል። ቀጥሎ ድምፁ ይጠፋና ባለሙያው መድረክ ላይ ጫማ እየቀያየረ፣ ጠጠር በተሞላ ሳጥን ውስጥ እየረገጠ በፊታችሁ ይሠራዋል። በመጨረሻ የተጠናቀቀው ይታያል። ይህንን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ከዚያ ወዲያ ፊልምን በጆሮው ጭምር ነው የሚያየው።

የቴሌቪዥን ሥራ ደግሞ የራሱ ዓለም አለው፤ ስለ ፊልም በሚወራበት ቦታ ሁሉ ወደ ጎን መገፋቱ ልክ አይመስለኝም። ተከታታይ ድራማ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በጋራ ነው፤ ጸሐፊዎች ክፍል ተከፋፍለው ይጽፋሉ፣ ዳይሬክተሮች ይፈራረቃሉ፣ ተመልካቹ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የአንድ ሰው ሥራ እንዲመስለው ያስፈልጋል። ይህ እንዴት ይሆናል የሚለው ብቻውን ሁለት ምሽት ይወጣዋል። ሙያው ከፊልም ወደ ቴሌቪዥን እንዴት እንደተሸጋገረ ለማየትም ካርል ፍሮይንድን ማንሳት ይበቃል። በጀርመን ድምፅ አልባ ሲኒማ ስሙ የገነነው ይህ የካሜራ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ አሜሪካ ቴሌቪዥን ገብቶ፣ ተመልካች ፊት የሚሠራ ኮሜዲ በሦስት የፊልም ካሜራ በአንድ ጊዜ የሚቀረጽበትን ዘዴ አደራጀ። ካሜራ በተቀየረ ቁጥር መብራት እንዳይነካካ አብዛኛውን ብርሃን ከላይ ሰቀለው። ስቱዲዮ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ የዛሬም ጉዳይ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ትልቁ ወጪ የማሳያ ፈቃድ ነው። የፊልሙን ዲስክ መግዛት ወይም በወርኃዊ ክፍያ ቤት ውስጥ ማየት ለሕዝብ የማሳየት መብት አይሰጥም፤ የመብቱ ባለቤት በየዕይታው ሊጠየቅና ሊከፈለው ይገባል። ስለ ባለሙያ ክብር እያወራን የባለሙያን ሥራ ያለ ፈቃድ ብናሳይ በምን ፊታችን እንናገራለን? ሁለተኛው አዳራሹና መሣሪያው ነው። ዛሬ ለሲኒማ የሚላክ ፊልም ብዙ ጊዜ ከመቶ ጊጋባይት በላይ የሆነ ዲጂታል ጥቅል ነው። ብዙውን ጊዜም ተቆልፎ ይመጣል፤ የሚከፈተውም ለዚያ አዳራሽ ማሽን ብቻ፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ በሚላክ ቁልፍ ነው። ጊዜው ካልደረሰ ወይም ካለፈ ማሽኑ እንቢ ይላል። ስለዚህ የትም ቦታ ግድግዳ ላይ ማብራት አይበቃንም፤ ትክክለኛ ማሽንና የሚያውቅ ኦፕሬተር ያለው አዳራሽ መከራየት አለብን። ምርጫ ከመጣም ከስክሪኑ ስፋት በፊት ለድምፅ ማጉያው እንከፍላለን። ምስሉ ትንሽ ቢያንስ ሰው ይታገሣል፤ ንግግሩ ካልተሰማ ግን ምሽቱ ይባክናል።

ለተናጋሪዎችም እንከፍላለን። ይህ በመካከላችን ብዙ ያከራከረን ነጥብ ነበር፤ በነፃ የሚመጡ አይጠፉም የሚሉ ነበሩ። እውነት ነው፣ አይጠፉም። ግን የዚህ ዘርፍ ሰው ሙያው ሲፈለግ «ለስምህ ይጠቅምሃል» እየተባለ በነፃ መሥራት ሰልችቶታል። አንድ የመብራት ባለሙያ ለእኛ ብሎ የአንድ ቀን ቀረጻ ሲተው የዚያን ቀን እንጀራ ነው የሚተወው። ክፍያችን ብዙ ላይሆን ይችላል፣ ባዶ እጁን ግን አንሸኘውም። ከሩቅ የሚመጡ ካሉ መጓጓዣና ማደሪያም አለ።

ቀሪው ተደራሽነት ነው። ፊልሞቹ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ ቃል በቃል የሚመለስ ሥራ አይደለም፣ ተዋናዩ ተናግሮ ሳይጨርስ ተነቦ እንዲያልቅ ሆኖ ተመጥኖ የሚጻፍ ነው። መስማት ለተሳናቸው በየውይይቱ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይኖራል። ውይይቶቹን ቀርጸን፣ አርትዐን፣ መምጣት ላልቻለ ሁሉ በነፃ እናቀርባለን። ፊልሞቹን መቅረጽ አንችልም፣ ንግግሩ ግን የሁላችን ይሆናል። በሙያችን ላይ በአማርኛ የተቀመጠ ነገር ምን ያህል እንደሚያንሰን ይህንን መንገድ የጀመረ ወጣት ሁሉ ያውቀዋል።

መጠን አንወስንም፤ የአንድ ሲኒማ መግቢያ የሚያህልም ሆነ የአንድ ሙሉ ምሽት ወጪ የሚሸፍን፣ ሁሉም እኩል ይመዘገባል። ድርጅቶች አንድ ምሽት ሙሉውን ቢይዙልን ስማቸውን ከዕይታው በፊት በምስጋና እናነባለን፤ የፊልም ምርጫና የውይይት ይዘት ላይ ግን ማንም እጁን አያስገባም። ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ በሦስት ሰዎች ፊርማ ይንቀሳቀሳል፤ ለሰጠ ሁሉ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ከየምሽቱ በኋላ ምን እንደገባና ምን እንደወጣ ለሁሉም ይገለጻል።

ከአሥሩ የምንጀምረው ወጪያቸው ሙሉ በሙሉ የተሸፈኑትን ብቻ ነው። ለአራት የሚበቃ ከተገኘ አራቱን በደንብ እንሠራቸዋለን፤ ለአሥር ብለን በዱቤ አንገባም። ከአሥሩ አልፎ ከተረፈ ለሚቀጥለው ዙር የግርጌ ጽሑፍ ይውላል። በጉልበትና በሙያ ልታግዙን የምትችሉም አላችሁ፦ ተርጓሚዎች፣ የድምፅ መቅጃ ያላችሁ፣ በር ላይ እንግዳ የምትቀበሉ፣ ወንበር የምትደረድሩ። የማሳያ ፈቃዶቹን ለማስያዝ ቅድመ ክፍያ ስለሚጠየቅ ገንዘብ የምትሰጡ እስከዚህ ወር መጨረሻ ብታደርሱልን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊልሞች ወዲያው እናረጋግጣለን። በጉልበት የምታግዙ ደግሞ ስማችሁንና የሚመቻችሁን ቀን አሁኑኑ አስመዝግቡ፤ የመጀመሪያው ስብሰባችን ስለ ግርጌ ጽሑፍ ሥራ ክፍፍል ነው።