ለጻፋችሁልኝ፣ ለመከራችሁኝ፣ ለተቆጣችሁኝም ጭምር

ውድ ወዳጆቼ፣

ለጡት ካንሰሬ የተሰጠኝ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት)፣ ቀዶ ሕክምናውና ጨረሩ አልፈዋል። አሁን የቀረኝ የሐኪም ክትትልና ካንሰሩ እንዳይመለስ በየቀኑ የምውጣት ታሞክሲፈን የምትባል ኪኒን ናት። እሷ ቢያንስ 5 ዓመት አብራኝ ትከርማለች። ምስጋናዬን ግን እስከዚያ አላቆይም።

ከሕክምና ቤቱ ልጀምር። ኬሞ የጀመርኩ ቀን ነርሷ ቀዩን መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲንን እየሰጠችኝ፣ «እህቴ፣ ዛሬ ሽንትሽ ቀላ ይላል። መድኃኒቱ ነው፤ ደም እንዳይመስልሽ» አለችኝ። ይህን ባትነግረኝ ኖሮ ያን ዕለት ማታ ቤቱን በጩኸት አተራምሰው ነበር። ቀዶ ሐኪሜ ደግሞ ወረቀት አውጥቶ፣ ጡት ስሎ አስረዳኝ። በጊዜ ለተደረሰበት ካንሰር እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠትም፣ ጡቱን በሙሉ ማንሳትም በሕይወት የመቆየት ዕድሉ እኩል ነው። ይህን የአሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም የበርናርድ ፊሸር ጥናት እ.ኤ.አ. በ1985 አሳይቷል፤ ከ20 ዓመት ክትትል በኋላም ውጤቱ ያው ሆነ። የእኔ ከአንድ ቦታ በላይ ስለነበር ሙሉው ተነሳ። ለምን እንደሚነሳ ገብቶኝ ነው የገባሁት፤ ለዚህ ዶክተሬን አመሰግናለሁ።

ባለቤቴ ደም ሲያይ ፊቱ የሚገረጣ ሰው ነው። ከብብቴ ሥር በቱቦ የሚወርደውን ፈሳሽ ጠዋትና ማታ የደፋው፣ መጠኑንም በደብተር የመዘገበው ግን እሱ ነው። «ዛሬ ቀንሷል!» ሲል ደመወዝ የተጨመረለት ይመስል ነበር።

ትልቁ ውለታ ግን የእናንተ ነው። ሕመሜን በይፋ ልናገር ስል አክስቴ፣ «ልጄ፣ ሆድሽ ውስጥ ይቅር፤ ጠላት ደስ አይበለው» ብላኝ ነበር። ስለምትወደኝ ነው። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማን አድገን፣ ነገሩ ጡት ላይ ሲደርስ ተረቱን የምንረሳው ለምንድን ነው? ተናገርኩ። እናንተም ከ«ይማርሽ» አልፋችሁ ሄዳችሁ።

አንዷ፣ ፀጉሬ ከመጀመሪያው ኬሞ በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት መርገፍ እንደሚጀምር ነግራኝ ቀድሜ ተላጨሁ። ትራሴ ላይ ፀጉር ከመልቀም ዳንኩ። ሌላዋ፣ «አፍሽ ብረት ብረት ካለሽ የፕላስቲክ ማንኪያ ሞክሪ» አለችኝ። ሠራ! ከቀዶ ሕክምና በኋላ ክንዴ አልነሳ ሲለኝ፣ ጣቶቼን ግድግዳ ላይ እያራመድኩ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እንድወጣ ያሳየችኝም ከእናንተው አንዷ ናት።

ከሁሉም የማይረሳኝ ግን ይሄ ነው፦ «የሙቀት መለኪያ አልጋሽ አጠገብ ይኑር። 38 ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቂ።» አንድ ሌሊት በጣም አንቀጠቀጠኝ፤ ለካሁት፣ ከ38 አልፏል። ያኔውኑ ሄድን። ነጭ የደም ሴሎቼ ወርደው ኢንፌክሽን ገብቶ ነበር። ሐኪሞቹ እንዳሉኝ እስከ ጠዋት ብቆይ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ያንን የጻፍሽልኝ እህቴ፣ በአካል አላውቅሽም። ዕድሜ ይስጥሽ።

የመናገርን ነገር የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባለቤት ቤቲ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1974 ጡታቸው ሲነሳ ነገሩን አልደበቁም። ያኔ የጡት ካንሰር በሹክሹክታ የሚወራ ነበር። እሳቸው በመናገራቸው ብዙ ሴቶች ለምርመራ ተሰለፉ። ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ታጭተው የነበሩት የኔልሰን ሮክፌለር ባለቤትም ራሳቸውን ፈትሸው እብጠት ያገኙት በዚያው ሰሞን ነው።

እኔ ቀዳማዊት እመቤት አይደለሁም። ግን «እብጠቴ ምንም አያመኝም ነበር» ብዬ ስጽፍ፣ «የእኔም አያምም፣ ለዚህ ነው የተውኩት» ያላችሁኝ ነበራችሁ። ሄዳችሁ ተመረመራችሁ። ለብዙዎቻችሁ ካንሰር አልነበረም፤ አብዛኛው የጡት እብጠት እንዲያ ነው። ግን በእጅ ዳስሶ መለየት አይቻልም፤ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው ቁርጡ የሚታወቀው። የጡቱ ጫፍ ወደ ውስጥ የገባበትና «ወንድ ልጅ ይህን ለማን ይናገራል?» ብሎ የጻፈልኝ ወንድሜስ? ወንዶች ከጠቅላላው ታማሚ 1 በመቶ ቢደርሱ ነው። ለዚያ ለአንዱ ግን መቶ በመቶ ነው። ስለሄድክ አመሰግናለሁ።

የተቆጣችሁኝም አላችሁ። «ቢላ ከነካው ይበተናል፣ አታስነኪው» ብላችሁ የመከራችሁኝን አልቀየምኩም። ጥያቄውን ይዤ ሐኪሜ ዘንድ ሄጃለሁ። ቢላው አይደለም የሚበትነው። ብዙ ሰው የሚመጣው ዘግይቶ፣ ከተሰራጨ በኋላ ነው። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሲያርፍ ጥፋቱ በቢላው ይላከካል። ይህን በግልጽ ለመጻፍ ምክንያት ስለሆናችሁኝ፣ እናንተም ምስጋና አላችሁ። («ጀግና ነሽ» እያላችሁ ማልቀስ የከለከላችሁኝን ግን ገና እያሰብኩበት ነው።)

አንድ መልእክት ለብቻው ይቀመጥ። ካንሰሩ አጥንቷ ላይ የደረሰ እህት እንዲህ አለችኝ፦ «አለቀ የሚለውን ቃል ስትጽፊ እኛንም አስቢን። ለእኛ አያልቅም፤ በመድኃኒት ይዘነው ነው የምንኖረው። ልጄን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ፣ በቀጠሮዬ ቀን ደግሞ መድኃኒቴን እወስዳለሁ።» ደውዬላት ረጅም ሰዓት አወራን። ስለ ካንሰር ያወራነው ጥቂቱን ነው፤ የቀረው ሐሜት ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ እንደዚያ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

በግል ጽፋችሁልኝ መልስ ያላገኛችሁ፣ አልረሳኋችሁም። ኋላ የወሰድኩት ፓክሊታክሰል የሚባል የኬሞ መድኃኒት ጣቶቼን አደንዝዟቸዋል፤ በስልክ አንድ መስመር ለመጻፍ ሦስቴ እሰርዛለሁ። ሐኪሙ ቀስ በቀስ እንደሚሻለኝ ነግሮኛል። እስከዚያ በድምፅ እየቀዳሁ እልክላችኋለሁ፤ የደረሰው መልስ ይላክልኝ።